ቀሽም ድርሰት ልኬ አሳታሚውን ልፈትነው?

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ጨርሼ አሳታሚ እየፈለግኩ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አንድ አሳታሚ ‹ጥራት ያለው ሥራ ብቻ መርጠን እናትማለን፣ ከደራሲ ገንዘብ አንጠይቅም› ይላል። ረቂቁን ላክሁላቸው። በማግስቱ ‹ድንቅ ሥራ ነው፣ ተቀብለነዋል› አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጥርጣሬ ገባኝ። በአንድ ቀን ማን አነበበው? የላኩልኝ ውል ላይ ደግሞ ደራሲው ከራሱ መጽሐፍ የተወሰነ ቅጂ ‹በቅናሽ› ይገዛል የሚል አንቀጽ አለ። ከጓደኞቼ ጋር ስናወራ አንዱ ‹ተሰባስበን የመጨረሻ ቀሽም ድርሰት እንጻፍና በሌላ ስም እንላክላቸው፤ ከተቀበሉት ጉዳቸውን እናወጣለን› አለ። ሐሳቡ አስቆኛል፤ ግን ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛ፣ ይሄ ራሱ ማታለል አይደለም ወይ? ሁለተኛ፣ አንዲት ጓደኛዬ መጽሐፏን ያሳተመችው እዚሁ ቤት ነው፤ በጣም ትኮራበታለች። እኛ ስንስቅ እሷ ምን ትሆናለች? ምን ይሉኛል?
ልቡ ለሁለት የተከፈለ»

ወንድሜ፣

ስለ ቀሽሙ ድርሰት ሳነብ ስቄያለሁ። ጓደኛህ ጋ ስደርስ ግን ሳቄን ሰብሰብ አደረግኩ። ለሁለቱም እመልስልሃለሁ። በቅድሚያ ግን ያልጠየቅኸኝን ላንሳ፤ የራስህን ልብ ወለድ።

መጽሐፍህን ለእነሱ ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም የሚለውን ለመወሰን ከሆነ ፈተናው አያስፈልግህም። መልሱ እጅህ ላይ ነው። «ከደራሲ ገንዘብ አንጠይቅም» ያለ ሰው «የራስህን መጽሐፍ ግዛ» ሲልህ ገንዘብ ጠየቀህ እንጂ ሌላ ምን አደረገ? «በቅናሽ» የምትለዋም አትሸውድህ። ቅናሹ ከምን ላይ ነው? የሽፋኑን ዋጋ የሚተምነው ራሱ አሳታሚው ነው። ከፍ አድርጎ ይተምንና ከዚያ ላይ ይቀንስልሃል።

ጄምስ ማክዶናልድ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ አለ። ለጀማሪ ጸሐፊዎች ደጋግሞ የሚናገራት አንዲት ደንብ በደራሲዎች ዘንድ የታወቀች ናት፤ ገንዘብ ወደ ደራሲው ነው መፍሰስ ያለበት። አሳታሚ ከአንባቢ ይሰበስባል፣ ለደራሲው ያካፍላል። ገንዘቡ ከደራሲው ኪስ ወደ አሳታሚው መሄድ ሲጀምር ገዢው ተቀየረ ማለት ነው። ገዢው አንተ ሆንክ። ገዢን ደግሞ «ሥራህ ገና አልበሰለም» ብሎ የሚመልስ ነጋዴ የለም።

የኅትመት አገልግሎት የሚሸጥን ሁሉ መውቀሴ አይደለም። «ገንዘብህን አምጣ፣ ያመጣኸውን አትምልሃለሁ፣ መብቱም ያንተው ነው» ብሎ በግልጽ የሚሠራ አለ። እሱ ማንንም አልዋሸም። ቀሽም ረቂቅ ብትልክለት ያትመዋል፤ ያለውም እንደዚያ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ቤት መፈተን ጊዜ ማባከን ነው። ፈተና ትርጉም የሚኖረው «እንመርጣለን» ብሎ የሚፎክር ሲኖር ነው። ያንተው ደግሞ ፎክሯል።

እናንተ ያሰባችሁት ከዚህ በፊት ተደርጓል። ያደረገውም ይኸው ማክዶናልድ ነው። ታሪኩን በደንብ ልንገርህ፤ ምክሬ በሙሉ ከዚያ ነው የሚመዘዘው።

ፐብሊሽ አሜሪካ የሚባል ድርጅት ነበር፤ መቀመጫው ሜሪላንድ ግዛት። «እኛ ደራሲን የማናስከፍል መደበኛ አሳታሚ ነን» ይል ነበር። ለደራሲው የሚሰጠው ቅድመ ክፍያ 1 ዶላር ነበር፤ አዎ፣ አንድ። ውሉ መብቱን ለ7 ዓመት ይይዛል። ከዚያ ደራሲው የዘመድ ወዳጆቹን አድራሻ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ የመጽሐፉ መውጣት ለእነሱ ይነገራቸዋል። ደራሲው ራሱም ቅጂ እንዲገዛ በየጊዜው ይጎተጎታል። ልብ በል፤ ፊት ለፊት የተጠየቀ ክፍያ የለም። ገንዘቡ ግን ከደራሲው፣ ከእናቱና ከሥራ ባልደረባው ነው የሚሰበሰበው። አንተ ያገኘኸው ውል የዚሁ ዘመድ ይመስለኛል።

ይህ ድርጅት የሳይንስ ልብ ወለድና የምናብ ታሪክ ጸሐፊዎችን የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ አወጣ። ታሪካቸው በሌላ ዓለም ስለሚፈጸም አሳማኝ ሴራና ገጸ ባሕርይ አያስፈልገንም ብለው ያስባሉ የሚል ይዘት ነበረው። ጸሐፊዎቹ ተናደዱ። ማክዶናልድ ሠላሳ ያህል ደራሲዎችን አሰባሰበና ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ምዕራፍ አከፋፈለ። ስለ አጠቃላይ ታሪኩ የሚያውቁት እምብዛም ነው። ትእዛዙ ደግሞ በተቻላችሁ መጠን አበላሹት ነው። የመጽሐፉ ስም «አትላንታ ናይትስ» ተባለ።

አሁን የብልሽቱን ዓይነት ተመልከት። ምዕራፍ 21 የለም። ከ20 ወደ 22 ነው የሚዘለው። ምዕራፍ 12 ሁለት ነው። ምዕራፍ 4 እና ምዕራፍ 17 ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው። ምዕራፍ 13 እና 15 ደግሞ ሁለት ሰዎች ያንኑ ክፍል ለየብቻ የጻፉት ነው። ምዕራፍ 34ን ማንም አልጻፈውም፤ የቀደሙትን ምዕራፎች ቃላት የሚያዘበራርቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው ያወጣው። የሞተ ገጸ ባሕርይ ያለ ምንም ማብራሪያ ተመልሶ ይመጣል። ጾታው የሚቀየርም አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የገጸ ባሕርያቱ ስም ነው። የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ ‹ፐብሊሽ አሜሪካ ደራሲን የሚያስከፍል አሳታሚ ነው› የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ድርጅቱ ሥራውን ተቀበለ። ውል ላከ። ደራሲዎቹ ውሉን ለሕግ ባለሙያ አሳዩና አልፈረሙም። በጥር 2005 «ይሄ የኛ ተንኮል ነው» ብለው ራሳቸው ይፋ አደረጉት። በማግስቱ ድርጅቱ የማይነበቡ ክፍሎች አግኝተናል ብሎ ውሉን ሰረዘ። በማግስቱ! ከተቀበለ ከሳምንታት በኋላ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ይህ ፈተና የሠራው ጽሑፉ ቀሽም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቀሽም መጽሐፍማ በየዓመቱ ይታተማል፤ ይሸጣልም። በ1969 ኒውስደይ የተባለ ጋዜጣ ላይ የሚሠሩ ጋዜጠኞች በማይክ ማክግሬዲ አስተባባሪነት ሆን ብለው የጻፉትን አንድ የማይረባ ልብ ወለድ አሳተሙ። ዓላማቸው በአንባቢ ጣዕም ሙድ መያዝ ነበር። መጽሐፉ ገበያውን አጥለቀለቀው። የተንኮሉ ወሬ ሲወጣ ደግሞ ይብሱን ተሸጠ። እንግዲህ አሳታሚው ቀሽም መጽሐፍ ተቀበለ ብለህ ብትከሰው «ይሸጣል ብዬ ነው» ይልሃል። ሊያሸንፍህም ይችላል።

ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር ከገፋችሁበት ብልሽቱ የጣዕም ጉዳይ መሆን የለበትም። የተጋነነ ፍቅር፣ የተንዛዛ መግለጫ፣ ሌላ ሰው የተናገረው የሚመስል ንግግር፣ ይህን ሁሉ አንዱ «አጻጻፉ እንዲህ ነው» ሊልልህ ይችላል። የጠፋ ምዕራፍን ግን ማንም «አጻጻፍ» አይለውም። ቃል በቃል የተደገመ ምዕራፍንም እንዲሁ። አንድ ሰው ገጹን ቢገልጥ ኖሮ የግድ የሚያየው ነገር መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ረቂቅ ካለፈ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው፤ አላነበቡትም።

ከዚያ በላይ አያረጋግጥም። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ሰው ውጤት ሲያገኝ መለጠጥ ስለሚወድ ነው። «አላነበቡም» ከሚለው ተነስቶ «ሌቦች ናቸው» ለማለት ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ውል፣ ክፍያ፣ የሽያጭ ሪፖርት።

ሳይቀበሉት ቢቀሩስ? ያኔ ምንም አልተማርክም። በ1970ዎቹ ቸክ ሮስ የሚባል ጸሐፊ ተቃራኒውን ሞከረ። «ስቴፕስ» የተባለውን የጄርዚ ኮሲንስኪን ልብ ወለድ ወሰደ፤ በ1969 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ያለ ርዕስና በሌላ ስም በታይፕ ገልብጦ ለ14 አሳታሚዎች ላከው። ሁሉም አልተቀበሉትም። መጀመሪያ ያሳተመው ድርጅት ሳይቀር! አየህ፣ ረቂቅ የሚመለስበት ምክንያት ብዙ ነው። የተጨናነቀ አርታኢ፣ ለገበያ የማይመጥን ርዝመት፣ ያልተከፈተ ፖስታ። ያንተንም ቀሽም ድርሰት «አይሆነንም» ብለው ቢመልሱት ጥሩ አንባቢ አላቸው ብለህ የራስህን ልብ ወለድ እንዳትሰጣቸው። ውሉ ያው ውል ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ልምጣ። ማታለል ነው ወይ ላልከኝ፣ አዎ ነው። በሐሰት ስም የሐሰት ሥራ ልከህ እውነተኛ መልስ ትጠብቃለህ። ስሙን ብናሳምረው ያው ነው። ጥያቄው የሚፈቀድ ማታለል ነው ወይ የሚለው ነው። ለእኔ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ። የምትፈትነው አካል ለሕዝብ የሰጠው ቃል ካለ፣ ያ ቃል ሰውን የሚያስከፍል ከሆነ፣ እውነቱን በቀጥታ ጠይቀህ ማግኘት ካልቻልክ፣ አንተም ከነገሩ የምትበላው ከሌለህ አልፈርድብህም። ከእነዚህ አንዷ ከጎደለች ግን ነገሩ ቀልድ ይሆናል። ቀልድ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

እንዴት እንደሚጎዳ በአውስትራሊያ ታይቷል። በ1943 ጄምስ ማኮሊ እና ሃሮልድ ስቱዋርት የሚባሉ ሁለት ገጣሚዎች ዘመናዊ ግጥም አናዷቸው ነበር። ያገኙትን መጽሐፍ ሁሉ እየገለጡ ቃላትና ሐረጎች ለቅመው የግጥም ስብስብ ሠሩ። ኤርን ማሊ የሚባል በወጣትነቱ የሞተ ገጣሚ ፈጠሩ። ግጥሞቹን በእህቱ ስም ማክስ ሃሪስ ለተባለ የመጽሔት አዘጋጅ ላኩ። ሃሪስ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነበር። ግጥሞቹን አነበባቸው፣ ወደዳቸው፣ በ1944 «አንግሪ ፔንግዊንስ» በተባለው መጽሔቱ ላይ አወጣቸው። ከዚያ ጉዱ ፈላ። ጋዜጣው ሳቀበት። አልበቃ ብሎ ፖሊስ ግጥሞቹ ነውር አለባቸው ብሎ ከሰሰው፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ።

ይህ ልጅ ማንን አታለለ? ከማን ገንዘብ ወሰደ? ያነበበውን ወደደ፤ ሌላ ጥፋት የለበትም። የሚገርመው ግጥሞቹ ዛሬም ይነበባሉ፤ ቁም ነገር አላቸው ብሎ የሚከራከር ሰውም አልጠፋም። ማክዶናልድ የፈተነው አንብቤ መርጫለሁ ብሎ ያላነበበን ነው። ሁለቱ ገጣሚዎች ግን ያነበበን ሰው ጣዕም ነው ያዋረዱት። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው መንሸራተት ቀላል ነው። በተለይ ጓደኛሞች ተሰብስበው ሲሳሳቁ።

ሌላ የምትጎዳው ሰው አለ፤ ታማኙ አርታኢ። ትንሽ አሳታሚ ቤት አንድ ወይ ሁለት አንባቢ ነው ያለው። እንቅልፉን ቀንሶ ያነባል። አንተ የፈተናውን መረብ ሰፋ አድርገህ «ለማነጻጸሪያ» ብለህ ለአምስት ለስድስት ቤት ብትልክ፣ ከመካከላቸው የሚያነበው ሰው ያንተን ቀልድ ሲያነብ ነው የሚያመሸው። አሁን ደግሞ ጊዜው የባሰ ነው። በየካቲት 2023 ክላርክስወርልድ የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ጽሑፍ መቀበል ለጊዜው አቁሞ ነበር። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ትርኪ ምርኪ ስላጥለቀለቀው ነው። በዚያ ክምር ላይ ሌላ ክምር አትጨምር። ከላክህም ለምትጠረጥረው ለዚያ ለአንዱ ብቻ ላክ።

ለነገሩ ይኸው ቴክኖሎጂ የእናንተንም ፈተና አዳክሞታል። ድሮ «ድንቅ ሥራ ነው» የሚል ባዶ ውዳሴ አለማንበብን ያጋልጥ ነበር። ዛሬ ረቂቅህን ለማሽን ሰጥቶ የገጸ ባሕርያትህን ስም እየጠራ የሚያቆላምጥ ደብዳቤ ማስጻፍ የደቂቃ ሥራ ነው። የጠፋ ምዕራፍም ማሽኑ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝር ያለው ውዳሴ ስላገኘህ ሰው አነበበልኝ አትበል።

ማንንም ሳትዋሽ የምታደርገው ፈተና ይሻላል። ረቂቅህ እጃቸው ነው። አርታኢውን በስልክ ወይም በቪዲዮ ላናግርህ በለው። ሲያገኝህ «ከመካከለኛው ክፍል የቱን ትቀንሳለህ?» ብለህ ጠይቀው። ያነበበ አርታኢ ሁልጊዜ የሚቀንሰው ነገር አለው። እንዲያውም ብትፈቅድለት አያቆምም። «ምንም አይነካም፣ እንዲሁ ግሩም ነው» ካለህ ወይ አላነበበም ወይ ግድ የለውም። እመነኝ፣ እንከን የሌለው የመጀመሪያ ረቂቅ የለም፤ ያንተም አይሆንም። ጭራሽ የሚያናግርህ አርታኢ ከጠፋ ደግሞ ይሄ ራሱ መልስ ነው።

ቀጥለህ ያሳተሟቸውን ሁለት ሦስት መጽሐፎች ፈልገህ አንብብ። የራሳቸውን ድረ ገጽ ትተህ ሌላ ቦታ ይሸጣሉ ወይ? ፊደል ግድፈቱ እንዴት ነው? አንዱ ገጸ ባሕርይ በምዕራፍ ሁለት አንድ ስም፣ በምዕራፍ አምስት ሌላ ስም ካለው ቀሽሙ ድርሰት አስቀድሞ ተጽፎልሃል። እናንተ መድከም አያስፈልጋችሁም።

ከሁሉ በፊት ግን የመግዛት ግዴታውን አንቀጽ ይሰርዙልህ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃቸው። ሁለት መስመር ይበቃል። አትለማመጥ፣ አታብራራ። አንቀጹን ሰርዘው ያው ጉጉታቸው ከቀጠለ ቢያንስ ለመነጋገር የሚሆን ነገር አለ። ድንገት ቀዝቀዝ ካሉ፣ ወይም «ይህ ለሁሉም ደራሲ የምናደርገው ነው» የሚል የተዘጋጀ መልስ ከመጣልህ፣ ከየት እንደሚበሉ ራሳቸው ነገሩህ።

ይህን ሁሉ ሰምተህ «አይ፣ ሌላው ሰው እንዳይሸወድ ማጋለጥ አለብን» ካላችሁ አልከለክላችሁም። ሰው የሚያድን ሥራ ሊሆን ይችላል። ግን በሥርዓት። ከመላካችሁ በፊት ምን እንደምትፈትኑና ምን ውጤት ቢመጣ ምን እንደምትሉ ጻፉና ቀን ጨምሩበት፤ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ዓላማ መቀያየር እንዳይመጣ። ድርጅቱ «እንመርጣለን» ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ እንዲህ ያለ ገጽ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ሁሉንም ኢሜይል ያዙ። የእውነተኛ ሰው ስም አትጠቀሙ። የሌላ ደራሲ ጽሑፍም ገልብጣችሁ አታስገቡ፤ በዚህ በኩል ከከሰሷችሁ ጥፋተኞቹ እናንተ ናችሁ።

ከምንም በላይ ውሉ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ውል ላይ «ሥራው የራሴ ነው፣ ስሜ ይህ ነው» ብለህ ትፈርማለህ። እዚያ ላይ በሐሰት ስም መፈረም ቀልድነቱ ያበቃል፤ በሕግ ሊያስጠይቅህ ይችላል። የማክዶናልድ ቡድንም ጠበቃ አማክሮ ሳይፈርም ቆሟል። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛም ለ«ሳይንስ» መጽሔት ባደረገው ምርመራ እንዲሁ አድርጓል። ራሱ የያዘው ግራፍ የሚያፈርሰውን የሐሰት ጥናት ለ304 የምርምር መጽሔቶች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት፣ 98ቱ መለሱት። ከተቀበሉት ግን ከባድ ስህተት አግኝቼበታለሁ ብሎ ጥናቱን መልሶ ወሰደው፤ እንዳይታተም። የሚፈልገው የመቀበያ ደብዳቤውን ነበር፤ አገኘው፣ በቃው።

አሁን ወደ ጓደኛህ። ይህን ጥያቄ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው አይጠይቅም።

ፈተናችሁ ተሳክቶ ወሬው ቢወጣ ሰው የሚያስታውሰው «እነዚያ ያገኙትን ሁሉ የሚያትሙት» የሚለውን ነው። ከዚያ የእሷን መጽሐፍ ሽፋን ጀርባ ያይና ይስቃል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ፈተናው ያሳየው መራጭ እንደሌለ ነው። ሳይመረጡ ካለፉት መካከል ደህና መጽሐፍ ሊኖር ይችላል። ይፋ ስታደርጉ ይህን በግልጽ ጻፉት፤ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ከመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ። በዚህ ቤት ያሳተሙ ደራሲዎች ተታለው ይሆናል፣ ሥራቸውን ግን እኛ አልመዘንንም በሉ።

እሷ ደግሞ ከሌላ ሰው መስማት የለባትም። ምንም ነገር ከመላካችሁ በፊት ሄደህ አናግራት። «አታለውሻል» ብለህ አትጀምር። እንዲህ ከጀመርክ መጽሐፏን ልትከላከል ስትል አሳታሚውን ትከላከላለች፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ይልቅ ጠይቃት። «እኔም ውል ልከውልኛል፤ ላንቺ እንዴት ሆነልሽ? የሽያጭ ሪፖርት በየስንት ጊዜው ይልኩልሻል? የደራሲ ድርሻሽ መጣልሽ? አርታኢሽ ማን ነበር?» በላት። የእውነት ጠያቂ ሁን፤ የእውነትም ያስፈልግሃል። እሷ ያለፈችበትን መንገድ ነው ልትገባበት ያሰብከው።

ምናልባት ሁሉንም አውቃ የገባችበት ሆኖ ታገኘዋለህ። መጽሐፍ በእጇ እንዲገባ ፈልጋ፣ የምትገዛውን ቅጂ ለዘመድ ወዳጅ ሰጥታ፣ በዚያ ረክታ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ተዋት። የእሷ ገንዘብ፣ የእሷ ደስታ ነው። ምናልባት ደግሞ ሪፖርት አይታ የማታውቅ፣ ቅጂ ግዢ እያሏት የተሰላቸች፣ ለማን እንደምትናገር ግራ የገባት ሆና ታገኛት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ከእናንተ ቀሽም ድርሰት የበለጠ ማስረጃ እጇ ላይ አለ። የፈረመችው ውል፣ የከፈለችበት ደረሰኝ፣ ያልተመለሰላት ኢሜይል። ስሟን ሳትጠቅሱ፣ በፈቃዷ፣ ይህን ማሳየት ከየትኛውም ተንኮል ይልቅ ቀጣዩን ደራሲ ያስጠነቅቃል። ሰው ከቀልድ ይልቅ ደረሰኝ ያምናል።

እሷን ራሷን መርዳት ከፈለግክ ውሏን አብራችሁ አንብቡ። ስለ ውል ማቋረጥ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። መብቱ ለስንት ዓመት ነው የተያዘው? ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይመለሳል ወይስ በጽሑፍ መጠየቅ አለባት? የሽፋኑ ሥዕልና የተዘጋጀው ፋይል የማን ነው? ብዙ ደራሲ መብቱ የተመለሰለት ቀን ሽፋኑን መጠቀም እንደማይችል ያውቃል፤ ጽሑፉን ግን እንደገና አርሞ ሌላ ቦታ ማሳተም ይችላል። የሽያጭ ሪፖርት ይላክልኝ የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ትጻፍላቸው፤ ስልክ ማስረጃ አይተውም።

ጓደኞችህን በተመለከተ፣ ምዕራፎቹን መከፋፈል ከጀመራችሁ እኔ ላስቆማችሁ አልችልም፤ ቀሽም ነገር አሳምሮ መጻፍ እንደሚያዝናና አውቃለሁ። ጻፉት፣ ተነባበቡት፣ ፈታ በሉበት። የመላኪያውን ቁልፍ ግን ጓደኛህን ሳታናግር ማንም አይጫን።

አንድ ነገር ሳትነግረኝ ቀርተሃል። ውሉን ላኩልኝ አልክ እንጂ ፈርመህ መልሰህ እንደሆነ አልጻፍክም። ካልፈረምክ ጥሩ፤ አንቀጹን የሚመለከተውን ጥያቄ ዛሬውኑ ላክ። ፈርመህ ከሆነ ደግሞ ስለ ፈተናው እርሳው። ውሉን ይዘህ የሕግ ባለሙያ ጋ ሂድ፤ ከፈረምክበት ቀን ጀምሮ ሐሳብ ለመቀየር የተሰጠ ጊዜ ካለ እየቆጠረ ነውና አትዘግይ። ያሉህን ጻፍልኝ።